ብር ብቻውን አይወጣም

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ነው። ሱቄን ልከፍት ስወጣ ቅያሱ ላይ አገኘኝና፣ «ጀርመኗ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው» ብሎኝ ወደሚቀጥለው በር አለፈ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚመጣው እንባ ነው ይባላል። እኔ ላይ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቁልፎቼን ኪሴ ከትቼ ወደ ግቢያችን ስመለስ ደግሞ ባሰብኝ። በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ያውም የዕድሩ የተጣፈ ድንኳን ሳይሆን አዲስ፣ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ዘርፍ የተሰፋበት። ማን እንዳመጣው ጠየቅኩ።

«ጋሽ ደምሰው ናቸው» አለኝ ገመድ የሚወጥረው ጎረቤቴ። «ወጪውን በሙሉ እኔ እችላለሁ ብለዋል። ደግ ሰው እኮ ናቸው።»

ደምሰው! የእኚያን ሴት ዕድሜ ያሳጠረው ሰው አስከሬናቸው ሳይወጣ ጥላ ሊሆንላቸው መጣ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ድንኳኑን የሰጠ ሰው ታሪኩንም እንዳይወስደው።

እትዬ አስካለን ያወቅኳቸው ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ስከራይ ነው። ግቢው በጎጃም በረንዳና በአማኑኤል መካከል፣ ጋሪ በጭንቅ በሚያልፍበት ቅያስ ውስጥ ነው። እኔ መርካቶ የበር ቁልፍና ማጠፊያ እሸጣለሁ፤ ቅርብ ቤት ስለፈለግኩ መጣሁ። ገና ስለ ኪራይ ሳንነጋገር አንድ ድንጋይ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ድንጋዩ እንቁላል አያክልም፤ እጄን ግን ወደታች ጎተተው። መልኩ ግራጫ ነው፤ የተሰበረው ጎኑ እንደ መስተዋት ያበራል።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ብር ይመስላል።»

«እርሳስ ነው። ብሩ ውስጡ አለ፤ ግን ቅንጣት ታህል ናት። ብር ብቻውን አይወጣም፤ እርሳሱን አስከትሎ ነው። የሰው ልጅ ጣጣ ሁሉ ብሩን ወስዶ እርሳሱን ለጎረቤት መተው ነው።»

እኔ የመርካቶ ሰው ነኝ፤ ብር ሲባል የገባኝ የኪሱ ነው። እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩና ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ከት ብለው ሳቁብኝ።

አጭር ናቸው፤ ቀጫጫ። ፀጉራቸውን እንደ ወንድ ያሳጥሩታል። ድንጋይ መሰርሰሪያ አንዱን ጆሯቸውን ስላደነቆረው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ገበያ ውስጥ ሰላም ሲሉ የተቆጡ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ተቆጥተው ነው። ሰው ቤት ሲገቡ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ቆርቆር አድርገው ያዳምጣሉ። መጀመሪያ ሳየው ሥራ ፈትነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ነገሩኝ፤ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያው ጤነኛ መሆኑና ሊናድ መሆኑ የሚለየው በድምፁ ነው። እሱ ልማድ ሆኖባቸው ቀረ።

በደርግ ጊዜ መንግሥት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከላካቸው ልጆች አንዷ ነበሩ። የተማሩት ማዕድን ነው፤ የተማሩበት ከተማ ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ብር ሲወጣበት በኖረ ተራራ ላይ የቆመ ነው። ሰፈሩ ጀርመኗ ያላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ጎረቤታችን ሐዋ አጠገባቸው በርበሬዋን ትቀነጥሳለች። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፤ በርበሬና ቅመም አዘጋጅታ ትሸጣለች፤ ባሏ እህል በረንዳ ጆንያ ይሸከማል። ልጇ ኢክራም ያኔ ገና አፍ መፍታቷ ነበር፤ ላየችው ሁሉ ስም ታወጣለች፤ እትዬ አስካለን «እታስ» ትላቸዋለች። እዚያ ተቀምጠን ነው የዚያን ተራራ ነገር የሰማነው።

«ተራራው እጅግ ያረጀ ድንጋይ ነው» ይሉናል። «አንድ ዘመን ተሰነጣጠቀ። ከምድር ሆድ የፈላ ውሃ በስንጥቁ ሽቅብ ወጣ። ውሃው ባዶ አይደለም፤ ብር፣ እርሳስ፣ ዚንክ፣ አርሴኒክ ሟሙቶበታል። እየበረደ ሲመጣ የያዘውን ስንጥቁ ግድግዳ ላይ ጣለው። ሻይ ማንቆርቆሪያሽን ውስጡን አይተሽዋል፣ ሐዋዬ? ነጭ ቅርፊት የሚጋገርበት? ልክ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ማን አገኘው?» ትላለች ሐዋ።

«ጨው የጫነ ጋሪ ነው ይላሉ። የጋሪው መንኮራኩር መንገዱን ሲፍቀው ድንጋዩ አበራ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ዓለም ሁሉ መዶሻና መሮ ይዞ መጣ። ድንጋዩ እምቢ ሲል እንጨት ከምረው እሳት ይለቁበታል፤ ሲግል ይሰነጠቃል። ሰው በደረቱ ተስቦ የሚያልፍበት መተላለፊያ አለ፤ እኔ ራሴ ተስቤበታለሁ። ወደታች በወረዱ ቁጥር ውሃ ይመጣል፤ ውሃውን የሚያወጣ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር መሬት ውስጥ ተከሉ። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሌላ ውሃ! ከተራራው ማዶ በቦይ ያመጡት። ጎበዞች ነበሩ። ጎበዝነታቸውን ማንም አይክድም።»

ከዚያ ድምፃቸው ይለወጣል። ማቅለጫው ላይ ደርሰዋል ማለት ነው።

«ድንጋዩን ፈጭተው ይቆሉታል፤ መርዙ በጭስ ይወጣል። ቀጥሎ ያቀልጡታል፤ ብሩ እርሳሱ ውስጥ ተደብቆ ይወርዳል። ከአጥንት አመድ በተሠራ ገበታ ላይ አድርገው በወናፍ ሲነፉበት እርሳሱ እየተቃጠለ ግማሹ በአመዱ ይመጠጣል፣ ግማሹ ይፈስሳል፣ ግማሹ ይተናል። መጨረሻ ላይ ብሩ ብቻውን ሲቀር ብልጭ ይላል፤ አንዴ ብቻ። ያቺን ብልጭታ አይቻታለሁ፤ ታምራለች። እሷን ያየ ሰው ጭሱ የት እንደሄደ አይጠይቅም። ብሩ ገንዘብ ሆኖ ባሕር ተሻገረ፤ አያቶቻችን የተዳሩበት ጠገራ ብር ከእንዲህ ያለ ተራራ ነው የወጣው። እርሳሱና አርሴኒኩስ? ከመንደሩ ጋር ቀረ። ሣሩን የጋጠች ላም ትሞታለች። ገበሬዎቹ ጮኹ። ጌቶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ምድጃውን አላጠፉም፤ ጭስ ማውጫውን አስረዘሙት። ሰማይ የሚነካ ጭስ ማውጫ! ከተማው ተነፈሰ፤ ከተራራው ማዶ ያለው ጫካ ደረቀ። ኋላ ብሩን ከጥልቀት የማውጣቱ ወጪ ከዋጋው ሲበልጥ ጉድጓዱን ዘጉት። መሬቱ ግን እስከዛሬ አልዳነም።»

ለልምምድ ማቅለጫ ፋብሪካው ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ ዕድሜውን በሙሉ እርሳስ ሲያቀልጥ የኖረ ሽማግሌ ነበር፤ ሁለቱም እጆቹ ከአንጓቸው ተልፈስፍሰው ወድቀው ብርጭቆ ማንሣት አይችልም። ሻይ የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። ስለሱ ሲያወሩ ሁልጊዜ እጃቸውን እንደ እጁ አንጠልጥለው ያሳዩናል።

አገር ቤት ተመልሰው የማዕድን ፍለጋ ላይ ሲሠሩ ቆዩ። መንግሥት ተለወጠ፣ መሥሪያ ቤቱ በአዲስ መልክ ተዋቀረ ተባለ፣ ተንሳፋፊ ሆኑ። ያን ሁሉ የተማረች ሴት ወንበር አጣች። ከዚያ መርካቶ የብር ጌጥ የሚሸጡ ባለሱቆች ጠርተው የጌጡን ጥራት ያስፈትኗቸው ጀመር። ጥቁር የመፈተኛ ድንጋይና አንዲት ብልቃጥ አሲድ ይዘው ከሱቅ ሱቅ ይዞራሉ። ይህም እንጀራ ዕድሜው አጭር ነበር።

አንድ ቀን ቁልፍ ላደርስ ከሄድኩበት ሱቅ ፊት ለፊት ነው የሆነው። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ለሚያገባ ልጃቸው ሚስት የአንገት ድሪ ይገዛሉ። ባለሱቁ፣ «ንጹሕ ብር ነው፤ ባለሙያም አለኝ» ብሎ እትዬ አስካለን ጠራ፤ በዓይኑ ጠቅሷቸዋል። እሳቸው ድሪውን ድንጋዩ ላይ አሹ፣ አሲድ ጠብ አደረጉ፣ አዩ። ከዚያ በዚያ በደንቆሮ ጆሯቸው ልክ በተቃኘ ድምፅ፣ «ነሐስ ነው። ብር ተቀብቷል» አሉ። ተራው በሙሉ ዞሮ አየ።

ባለሱቁ ፊቱ ቀላ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የምከፍልዎት!»

«የምትከፍለኝ እንዳይልህ ነው ወይስ እንዳላይልህ?» አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ባለሱቅ አልጠራቸውም። ከኔና ከሐዋ በሚያገኟት የሁለት ክፍል ኪራይ ብቻ ይኖሩ ጀመር። አልተጸጸቱም። እኔ ግን ዛሬም በዚያ ተራ ሳልፍ ጥርሴን እነክሳለሁ።

የደምሰው ምድጃ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ደምሰው የሰፈራችን ሀብታም ነው። የቅያሱን ጭቃ ድንጋይ ያስነጠፈው እሱ ነው፤ ለዕድሩ ወንበር የገዛው እሱ ነው፤ ሥራ ያጣ ሰው ሄዶ ደጁ ላይ ይቆማል። ከግቢያችን ጀርባ ያለውን አሮጌ መጋዘን ገዛና ያገለገለ የመኪና ባትሪ ያስመጣ ጀመር። ሠራተኞቹ ባትሪውን በመዶሻ ይፈልጡታል፣ አሲዱን ቦይ ውስጥ ይደፉታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ በግማሽ በርሜል ያቀልጡታል። የሐዋ ቤት የኋላ ግድግዳና የመጋዘኑ ግድግዳ አንድ ነው።

መጀመሪያ የጨሰ ቀን እትዬ አስካለ ልብስ ያሰጡ ነበር። የያዙት አንሶላ ከእጃቸው ወደቀ።

«ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «እዚህ ድረስ ተከተለኝ።»

በነጋታው ደምሰው ዘንድ ሄዱ፤ ቡና ጋበዛቸውና ሸኛቸው። ቢሮዎች ሄዱ፤ አንዱ ወደ ሌላው ላካቸው፤ ሌላው ፈቃድ አለው አላቸው። መጨረሻ ላይ ለዕድሩ ስብሰባ ነገሩን አቀረቡ። ተነሥተው ስለ ተራራው ተናገሩ፤ ስለ ሞቱት ላሞች፣ እጁ ስለተልፈሰፈሰው ሽማግሌ። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። የጀርመን ላም ለጎጃም በረንዳ ሰው ምኑ ነው?

ደምሰው ሳይቆጣ፣ ፈገግ ብሎ ተነሣ። «እትዬ አስካለ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ተምረዋል፤ ብዙም ደክመዋል። ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ደግነቱ አማኑኤል ሩቅ አይደለም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አማኑኤል እዚህ ሰፈር ሲባል ቤተ ክርስቲያኑን ማለቱ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ተነሥቼ ጮህኩ፤ «የሚያጨሰው እሱ ሆኖ እብዷ እሳቸው ናቸው?» አልኩ። «ተከራይ ስብሰባ ላይ ድምፅ የለውም፤ ተቀመጥ» አሉኝ። እትዬ አስካለ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

«ደምሰው» አሉት፤ «እኔ አማኑኤል ብገባ ሐኪም አለ፣ እወጣለሁ። አንተ እነዚህ ልጆች ውስጥ የምታስገባው ግን አይወጣም።»

ከዚያ ወጡ። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ ለቀብሩም መጥተው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ኢክራም ታመመች። ሆዷን ያዘች፣ ምግብ ጠላች፣ ቀለሟ ገረጣ። የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት። ከዚያ ያ አፏ፣ ያ የማያርፈው አፏ፣ እያነሰ መጣ። ዶሮዋን «ኩኩ» ማለት ተወች፤ «እታስ» ማለት ተወች። አንድ ከሰዓት ሐዋ ስትጮህ ስንሮጥ ልጅቷ ወለሉ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይኗ ተገልብጧል። እትዬ አስካለ አቅፈዋት በባጃጅ ሐኪም ቤት ደረስን። ያገኘናት ሐኪም ወጣት ናት፤ እትዬ አስካለ፣ «ደሟ ውስጥ እርሳስ ይታይ፤ ቤቷ ከማቅለጫ ጋር ግድግዳ ይጋራል» ሲሏት አልሳቀችም። ተቀምጣ ሰማቻቸው። ምርመራው እዚህ እንደማይሠራ፣ ደሙ ወደ ውጭ እንደሚላክ ነገረችን፤ እሷው ተሯሩጣ አስላከችው። ውጤቱ ሲመጣ ሐዋን እጇን ይዛ፣ «እርሳስ ነው፤ ብዙ ነው» አለቻት።

«መድኃኒት የለውም?»

«ከደሟ የሚያወጣ መድኃኒት እንፈልጋለን። ግን መጀመሪያ ከዚያ ቤት ትውጣ። አእምሮዋን የጎዳውን ግን… እሱን ቃል አልገባልሽም።»

ሐዋ ለኪራይ ሌላ ቤት ፍለጋ ሰፈሩን ዞረች፤ በአቅሟ የሚሆን አጣች። ከሥራ ስመለስ እትዬ አስካለ አልጋቸውን እየጎተቱ ከቤታቸው ሲያወጡ አገኘኋቸው። መንገድ ዳር ያለውን፣ ከመጋዘኑ የሚርቀውን ቤታቸውን ለሐዋ ለቀው እሳቸው የሐዋ ክፍል ሊገቡ ነው።

«ምን መሆንዎ ነው?» አልኳቸው። «እርሳስ መሆኑን እያወቁ?»

«አውቄ ነዋ! ሳላውቅ ብገባ ነበር ሞኝነቱ። የኔ አእምሮ ድሮ ተጋግሮ ጨርሷል፤ የልጅ ግን ገና ሊጥ ነው። ያንን ጫፍ ያዝልኝ፤ አትቁም!»

ለመንኳቸው፣ ተቆጣሁ፣ የኔን ክፍል ይውሰዱ አልኩ። የኔ ከዚያኛው አይሻልም፤ ቀጥሎ ያለው ነው። በመጨረሻ አልጋውን ይዤ አስገባሁላቸው። ግድግዳውን እንደ ልማዳቸው ቆርቆር አደረጉና፣ «ምድጃው ይሰማኛል» አሉ።

እኚህ ሴት ናቸው እብድ የተባሉት።

ምድጃው ከሰፈራችን የወጣው በቢሮም በዕድርም አይደለም። በድድ ነው። እንዲህ ሆነ። አንድ ቀትር ላይ እትዬ አስካለ መጋዘኑ በር ገብተው የተቆለለው ባትሪ ላይ ተቀመጡ። እኔም ተከትያቸው ገባሁ፤ የሚመታቸው ቢኖር ብዬ። ሠራተኞቹ ምሳ ይበላሉ፤ ባልታጠበ እጅ። አለቃቸው ተመስገን ይባላል፤ ጎልማሳ ነው፣ ከጎጃም የመጣ፤ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«አፍህን ክፈት» አሉት።

«ምን?»

«ድድህን አሳየኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ጓደኞቹ ሳቁ። ተመስገን ለቀልድ ከንፈሩን ገለበጠ። ድዱ ጥርሱ ከበቀለበት ዳር ዳር ሰማያዊ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። እትዬ አስካለ ትንሽ መስተዋት አውጥተው ሰጡት።

«እሺ? ምን ይጠበስ?» አላቸው። «የእናቴ ድድም ጥቁር ነው።»

«የእናትህን ድድ ነቃሽ ነቀሰችው፤ ለውበት። ያንተን ማን ነቀሰው?»

ሳቁ ቆመ። ተመስገን መስተዋቱን አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ለጎረቤቱ አቀበለው። መስተዋቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ እያንዳንዱ ከንፈሩን በጣቱ እየገለበጠ ያያል። አንዱ ምሳውን ከነፌስታሉ አስቀመጠው። እትዬ አስካለ አልተቆጡም፤ የማውቀው ጩኸታቸው ጠፍቶ ነበር። ስለ ሽማግሌው ነገሯቸው፤ እጃቸውን አንጠልጥለው አሳዩአቸው። ተመስገን የራሱን የሚንቀጠቀጥ እጅ ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

በነጋታው ወደ ሥራ የገባ የለም። በሚቀጥለውም። ደምሰው ሌላ ሰው ሲያመጣ እነተመስገን በሩ ላይ ቆመው ድዳቸውን ያሳያሉ፤ የመጣው ይመለሳል። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ኢሱዙ መጥቶ በርሜሉን፣ ወናፉን፣ የቀረውን ባትሪ ጭኖ ሄደ። ሰፈሩ እልል አለ። በስብሰባው የሳቁት ሰዎች ዋነኛ እልል ባዮች ነበሩ። እትዬ አስካለ ብቻ ከኢሱዙው ኋላ ቅያሱ መጨረሻ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

«ወዴት ወሰዱት?» ይላሉ። «ወዴት ወሰዱት?»

«ምን አገባን እትዬ፣ ከኛ ይራቅ እንጂ!» አላቸው የዕድሩ ሊቀመንበር።

ዞረው እንዴት እንዳዩት! እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። «እሰይ» አሉት፤ «ጭስ ማውጫ አስረዘማችሁ።»

ያለበትን ያገኙት ከተመስገን ጋር ታክሲ እየቀያየሩ ፈልገው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጅረት ዳር፣ ገበሬዎች ከሚኖሩበት አጠገብ ተተክሏል። ጅረቱ ውስጥ ልጆች ይዋኛሉ። ከዚያ ወዲህ ጤና በሰጣቸው ሳምንት ሁሉ ይሄዱ ነበር፤ ለሚያገኙት ሰው ይናገራሉ፣ ሰሚ አጥተው ይመለሳሉ። እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ፊታቸው አበጠ። አንድ ሐኪም ኩላሊታቸው መድከሙን ነገራቸው። የድሮው ማቅለጫ ነው፣ የሐዋ ክፍል ነው፣ ዕድሜ ነው፤ ማን ለይቶ ይነግረናል? እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። እሳቸው ያንን ግድግዳ ተደግፈው ሲተኙ ደምሰው ንጹሕ አየር ባለበት ቤቱ ይተኛ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ደምሰው ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ አስካለ የሁላችን እናት ነበሩ። አካባቢያችንን እንድንጠብቅ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የሳቸውን ምክር ሰምተን ነው ሥራውን ከሰፈር ያራቅነው…»

ሐዋ ተነሣች። እሷ ሰው ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ኢክራም ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

«ጋሽ ደምሰው» አለች፤ «ምድጃው የት ነው?»

አንድ ሽማግሌ፣ «ሐዋ፣ ልጄ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው» አሏት።

«ለቅሶ ቤት መሆኑን አውቃለሁ፣ አባቴ። ለቅሶ ቤት ባይሆን ምን አስጠየቀኝ?»

«ከሰው መኖሪያ ሩቅ ነው» አለ ደምሰው።

«ሩቅ አይደለም» አለ ተመስገን ከኋላ። «ከሳቸው ጋር ሄጄ አይቻለሁ። ደጁ ላይ ሰው አለ፤ ልጆች አሉ።»

ደምሰው ዙሪያውን አየ፤ የሚስቅለት ፈለገ። የሳቀ የለም፤ ያገዘንም የለም። ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ ጥቂቶች ተከትለውት ወጡ። እኔና ተመስገን ሌላ ነገር አልተነጋገርንም፤ ተነሥተን የድንኳኑን ገመድ ፈታን። ሰዉ ወንበሩን እየያዘ ፀሐይ ላይ ወጣ። አጣጥፈን በጋሪ ደጁ ድረስ ላክንለት፤ የዕድሩን የተጣፈ ድንኳን አምጥተን ተከልን። ነውር ነው ያሉ ነበሩ። ይበሉ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሐዋ፣ ተመስገንና እኔ ኢክራምን ይዘን ወደ ጅረቱ ሄድን። ጭሱ ከመንገዱ ይታያል። ከምድጃው ቅርብ ካለው ቤት አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ወጣች። ተጠራጥራ አየችን።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

ምን እንደምንላት መንገድ ላይ ስንወያይ ነበር የመጣነው፤ ስለ ድድ፣ ስለ ደም ምርመራ፣ ስለ ውሃው። ሐዋ ያን ሁሉ ተወችው። ኢክራምን ወደፊት አምጥታ ሴትዮዋ ፊት አቆመቻት።

«ስሟን ጠይቂያት» አለቻት።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፣ ተመስገንን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለልጅ በሚሆን ድምፅ፣ «ስምሽ ማነው፣ የኔ እናት?» አለቻት።

ኢክራም ፈገግ አለች። ሴትዮዋ ጠበቀች። ደግማ ጠየቀቻት፤ ደግማ ጠበቀች። ቀና ስትል ሐዋ በአገጯ ወደ ጭሱ አመለከተቻት።

ሴትዮዋ ያዘለችውን ልጅ ፈትታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ፊቱን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ግቡ» አለችን። «ባሌን ልጥራው፤ ጎረቤቶቹንም።»